ዘመናዊ ታሪክ ለሚማር ልጅ የሚሰነቅ ስንቅ

ክረምት በገባ ቁጥር 10ኛውን ክፍል የፈጸመ ልጅ ያላቸው ቤተ ሰቦች አንድ ምክር ይዘው ይሰነብታሉ። ይኸውም ልጁ በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስን ዘርፍ ይያዝ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስን የሚል ነው። ልጁ ሁለተኛውን መርጦ፣ ከዚያም ውስጥ ልቡ ወደ ታሪክ ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ በብዙ ቤት ከሁለት ቃል አንዱ ይሰማል። አንዱ ወላጅ «ሒሳቡ ቢከብደው ነው» ብሎ እያዘነ ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ «ታሪክ ምን ያስቸግራል? ዓመተ ምሕረቱን በቃል መያዝ ነው እንጂ» ብሎ ነገሩን ያቀልለዋል። የመጀመሪያው ቃል ልጁን ያሳፍረዋል፤ ሁለተኛው ቃል ያዘናጋዋል። ሁለቱም ግን የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ይኸውም ታሪክን ከዕውቀት ሳይሆን ከጨዋታ የመቁጠር ልማድ ነው።

እኛ በዚህ ወር ገጻችን ይህን ልማድ ለመንቀፍ ብቻ አልተነሣንም። ልጁ በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ባዶ እጁን እንዳይገባ፣ በክረምቱ ወራት በቤቱ ሊሰንቀው የሚገባውን ለማመልከት ነው እንጂ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ቀድሞ መሰናዶ ይባሉ በነበሩት በ11ኛና በ12ኛ ክፍሎች የሚሰጠው የታሪክ ትምህርት ሰፊ ነው፤ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን፣ የአፍሪካንና የዓለምን ታሪክ በአንድነት ይዞ በፍጥነት የሚነጉድ ስለሆነ፣ መታጠቂያው ጊዜ ከሩጫው በፊት መሆን አለበት።

አስቀድሞ ልዩነቱን እንመልከት። በታችኞቹ ክፍሎች ልጁ የሚጠየቀው ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ ማን አደረገው የሚለውን ነው። በላይኛው ክፍል ግን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች ይጨመሩበታል፤ ስለ ምን ሆነ? መሆኑንስ በምን አወቅን? የነገረንስ ሰው ማን ነው? እነዚህን ሦስቱን መጠየቅ የለመደ ልጅ የመጽሐፉ ገጽ ቢበዛበት ስንኳ መንገዱ አይጠፋበትም። ያልለመደው ግን መቶ ዓመተ ምሕረት በቃሉ ቢይዝ፣ ቁጥሩ እንደ ተበተነ እህል ይሆንበታል፤ ለመልቀም ይደክማል፣ ለመጋገር አይደርስም።

«ዘመናዊ» የሚለው ቃል ራሱ ለመጀመሪያው ልምምድ ይበቃል። በአገራችን ብዙዎች ጸሐፍት ዘመናዊውን ታሪክ የሚጀምሩት ደጃዝማች ካሣ የካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡበት ጊዜ ነው፤ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም የታወቀው መጽሐፍ የሚነሣው ከዚሁ ዘመን ነው። በአውሮፓ ደግሞ ከፊሉ ከ15ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ፣ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1789 ከተነሣው የፈረንሳይ አብዮት ይጀምራል። እንግዲህ ዘመንን የሚከፍለው ድንበር ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰው አመዛዝኖ ያኖረው ነው። ልጁ «ለምን እዚህ ላይ ተከፈለ? ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የተለወጠው ምንድር ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ የላይኛውን ክፍል ትምህርት ጀመረ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከሁሉ የሚቀድመው መሣሪያ የዘመን አቈጣጠር ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ መጻሕፍቱ የሚቈጥሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ በቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በበዓል የሚሰማው ግን የእኛው ነው። ሕጉ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 ቀን አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ 8 ዓመት ይሆናል። ሕጉ ይቅለል እንጂ ወጥመዱ ብዙ ነው። ኢጣልያ አገራችንን የወረረችው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩት ሰኔ 23 ቀን በዚያው በ1928 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያን መጽሐፍ ግን የመጀመሪያው በ1935፣ ሁለተኛው በ1936 ተጽፎ ይገኛል። በእኛ አንድ ዓመት የሆነው በእነርሱ ሁለት ሆኖ ይታያል። ከዚህም የባሰ አለ፤ ተማሪው በአንዱ መጽሐፍ «1888» የሚለውን ከታላቁ ረኀብ ጋር፣ በሌላው «1888» የሚለውን ከዐድዋ ድል ጋር ያነብባል። ፊተኛው የአውሮፓውያን፣ ኋለኛው የእኛ አቈጣጠር መሆኑን ካልለየ፣ 8 ዓመት የሚራራቁ ነገሮችን በአንድ ዓመት ያስገባቸዋል፤ ምክንያትና ውጤቱም ይደበላለቅበታል።

ስለዚህ ልጁ አንድ ደብተር ገዝቶ በግራው ዐምድ የኢትዮጵያን፣ በቀኙ ዐምድ የአውሮፓውያንን ቀን እያደረገ ኻያ ወይም ሠላሳ የሚሆኑ ዐበይት ድርጊቶችን በእጁ ይጻፍ። በመካከሉም ዐምድ የድርጊቱን ስም በሁለቱም ቋንቋ ያኑር፤ አንድ ነገር በሁለት ስም ሲጠራ ሁለት ነገር የሚመስላቸው ተማሪዎች ብዙዎች ናቸውና።

ሁለተኛው ስንቅ ምስክርን መመዘን ነው። ለዚህ ተማሪ ሁሉ በስም የሚያውቀው የውጫሌ ውል ይበቃናል። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ፣ ውጫሌ ላይ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በቆንት አንቶኔሊ መካከል ሲፈረም በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ረዳትነት መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ፈቃድን የሚያሳይ ነው። የኢጣልያንኛው ቃል ግን በዚሁ ረዳትነት ለመላላክ እንደ ተስማሙ አድርጎ የግዴታ መልክ ሰጠው። ኢጣልያም በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህን ይዛ፣ በ1877 ዓ.ም. በበርሊን በተደረገው ጉባኤ ሕግ መሠረት፣ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንዳለች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

በታችኛው ክፍል ያለ ልጅ «በአንቀጽ 17 ምክንያት የዐድዋ ጦርነት ሆነ» ብሎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በላይኛው ክፍል ይህ አይበቃውም። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አኑሮ፣ የትኛውን ማን ጻፈው፣ ልዩነቱ ማንን ይጠቅማል፣ ምኒልክ ነገሩን ሲያውቁ ምን አደረጉ ብሎ መጠየቅ አለበት። በ1883 ዓ.ም. ለኢጣልያው ንጉሥ ተቃውሟቸውን በደብዳቤ ገለጡ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፤ የዐድዋ ጦርነት የሆነው ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ውሉ ከተፈረመ እስከ ጦርነቱ 7 ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሦስተኛውን ስንቅ መሰነቅ ጀመረ።

ሦስተኛው ስንቅ ምክንያትን መከተል ነው። ለመዘግየቱ ብዙ ምክንያት ቢኖርም፣ አንዱን ስንከተል ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ወደ ገበሬው በረት ያገባናል። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ኢጣልያኖች ካስመጧቸው ከብቶች ጋር እንደ ገባ ይታመናል። የእርሻው በሬ አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ መሬቱ ጦም አደረ፤ ድርቅና የአንበጣ መንጋም ተጨመረበት። ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሰየመው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረኀብ ይህ ነው። በዚያው መካከል፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። በሰሜን በኩል ሕዝቡ በረኀብ፣ ሹማምንቱ በንጉሥ ዕጦት ሲጨነቁ ኢጣልያ ከባሕር ዳር ወደ ደጋው ወጣች፤ በ1882 ዓ.ም.ም ኤርትራ ብላ የሰየመችውን ቅኝ ግዛቷን ዐወጀች። አገር በረኀብ ተመትቶ ሳለ የጦር ሰራዊትን አክትቶ፣ ስንቅ አስጭኖ ወደ ሩቅ ማዝመት እንዴት ይቻላል? እንግዲህ የታሪክን ነገር የሚወስኑት የነገሥታት ቃልና የጦር አበጋዞች ጀግንነት ብቻ እንዳይደሉ፣ የበሬ በሽታም ውል ካፈረሰው ሰው እጅ ጋር እጁን እንደሚያስገባ ልጁ ያስተውላል።

አራተኛው ስንቅ የአገርን ነገር ከዓለም ነገር ጋር ማያያዝ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ከ12 ዓመት በኋላ ስትወረር ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለ፤ ነገር ግን ለጦርነቱ ዋና የነበረውን ነዳጅ ከማዕቀቡ አስቀረ፣ የሱዌዝም ቦይ ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይህንኑ «የአቢሲንያ ቀውስ» በሚል ርእስ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደሚያደርስ እንደ አንድ የደረጃ እርከን ይማሩታል። እኛ ዘንድ ግን እርከን አይደለም፤ የአያቶቻችን አምስት ዓመት ነው። በአውሮፓ የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች በትምህርት ቤትና በቤት ሁለቱን ሲሰሙ ይደናገራሉ። ሁለቱም አነጋገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ የተመለከቱበት ቦታ ነው የተለያየው። ይህን የተረዳ ልጅ ስለ ዓለም ሲያነብብ አገሩን አይረሳም፣ ስለ አገሩ ሲያነብብም ዓለምን አይዘነጋም።

ወላጆች ሆይ፣ ምስክርን ስለ መመዘን የተናገርነው ከእኛ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። መጻሕፍትን በሚተረጕሙ መምህራን ጉባኤ ቤት «አንድም» እየተባለ አንዱ ቃል በብዙ መንገድ ሲፈታ ኖሯል። ደቀ መዝሙሩ አንዱን ትርጓሜ ሰምቶ አይነሣም፤ ሌላው እስኪነገር ይታገሣል። ታሪክ የሚማር ልጅም ይህን ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት፤ በትርጓሜ ቤት አንድምታዎቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ሊኖሩ ይችላሉ፤ በታሪክ ግን ሁለት ምስክሮች ሲቃረኑ የትኛው ይበልጥ እንደሚታመን በማስረጃ መለየት ግድ ይሆናል።

ለዚህ የሚያሳዝን፣ ነገር ግን እጅግ የሚያስተምር ምሳሌ ከራሳችን ገዳም አለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሽስቶች የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት በነገሩ ከሰሷቸው። በግንቦት ወር የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን በዓል ለማክበር በተሰበሰቡበት ጊዜ ተይዘው ላጋ ወልዴ በተባለው ቦታ ተረሸኑ፤ ዲያቆናቱም ከጥቂት ቀን በኋላ ተከተሏቸው። ግራዚያኒ ወደ ሮም የላካቸው ቴሌግራሞች 297 መነኮሳትና ተባባሪ የተባሉ 23 ሰዎች፣ ከዚያም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ይናገራሉ፤ ድምሩ 449 ነው። ብዙ ዘመን የታሪክ መጻሕፍት ይህን ቁጥር ይዘው ኖሩ፤ ማኅተም ያለበት የመንግሥት ጽሑፍ ነውና። ኋላ ግን ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የተባሉ ተመራማሪዎች በአካባቢው ያሉትን አረጋውያን ጠይቀው፣ ቦታውን አይተው፣ ቃሉን ከጽሑፉ ጋር ባስተያዩ ጊዜ የተገደሉት ከ1,400 እስከ 2,000 ገደማ እንደሚደርሱ ገመቱ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌ እውነት ነው። ሆኖም በዚህ ስፍራ ጽሑፉ አሳነሰ፣ ቃል ግን ጠበቀ። ገዳዩ ስለ ገደለው ሲጽፍ ስለ ማን ብሎ እንደሚጽፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ማለት ደግሞ የሽማግሌ ቃል ሁሉ ያለ ምርመራ ይታመን ማለት አይደለም፤ ዘመን ሲርቅ አንዱ ቀን ከሌላው ይቀላቀላል፣ ቁጥርም ያድጋል ወይም ይጎድላል። ተመራማሪዎቹ የታመኑት ብዙ አረጋውያንን ለየብቻ ጠይቀው ቃላቸውን ከቦታውና ከሰነዱ ጋር ስላመሳከሩ ነው። እኛ ልጁ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብንባል ይህን እንመርጣለን፤ ጽሑፍም ሆነ ቃል፣ ወዳጅም ሆነ ጠላት ቢናገረው፣ ሳይመዘን የሚታለፍ ምስክር የለም።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ቤታችን ይገባል፤ ከባድም ይሆናል። የጠላትን ምስክርነት መመዘን ቀላል ነው፤ የራስን ወገን መመዘን ግን ይጨንቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገውን ዐዋጅ እናስብ። በአንድ ቤት የእናት አባት በዚያ ቀን ርስቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቤት የአባት አባት በዚያ ቀን ከጭሰኝነት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ልጁ በአንዱ አያት ቤት «ግፍ» ሲባል፣ በሌላው አያት ቤት «ፍትሕ» ሲባል ይሰማል። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን ስለ ፈሰሰው ደምማ ስንት ቤት አለ ከነጭራሹ የማይናገር! ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስሙ የማይነሣ አጎት ያለበት ቤት ብዙ ነው።

ወላጆች ልጃቸው ስለዚህ ሲጠይቅ ከሁለት ነገር እንዲጠበቁ እንለምናለን። አንደኛው «ይህን አትጠይቅ» ብሎ አፉን መዝጋት ነው። ልጅ በቤቱ ያጣውን መልስ ውጭ ይፈልገዋል፤ ዛሬ ደግሞ በእጁ ባለው ስልክ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው በአንድ ደቂቃ ምስልና በቁጣ ቃል ሊመልስለት ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ቂምን በውርስ ማስረከብ ነው። የደረሰብንን መናገር መብታችን ነው፤ ነገር ግን «እኛ ያየነው ይህ ነው፤ ሌላው ደግሞ ያየው አለ፣ ሄደህ ጠይቀው» የሚለውን ቃል አብረን ብንጨምርለት ልጁን ለትምህርት ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ለመኖርም እናዘጋጀዋለን። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአገራችን በሰሜን የሆነውን ጦርነት ዛሬ 11ኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች በሕፃንነታቸው አይተዋል፣ ሰምተዋል። ነገ የልጅ ልጆቻቸው ስለዚያ የሚጠይቋቸው ምስክሮች እነርሱ ናቸው። ምስክርነትን መመዘን ዛሬ ያልተማረ፣ ነገ በቅን መመስከር አይሆንለትም።

ስለዚህ በክረምቱ ልጁ አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አረጋዊት ጠይቆ ቃላቸውን ይጻፍ። በ1967 ዓ.ም. 20 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት አልፏል፤ የጠላትን ዘመን በዓይናቸው ያዩትማ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ይህ ሥራ ለከርሞ የሚቀጠር አይደለም። ሲሄድም ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ፈቃድ ይለምን፤ የሚጽፍበትንም ምክንያት ይንገር። «በዚያን ጊዜ የት ነበሩ? ዕድሜዎ ስንት ነበር?» ብሎ ይጀምር። «ይህን በዓይንዎ አዩት ወይስ ከሰው ሰሙት?» የሚለውን በትሕትና ይጠይቅ፤ የዐይን ምስክርና የሰሚ ሰሚ በደብተሩ ላይ ለየብቻ ይቀመጡ። አረጋውያን ቀንን የሚያስታውሱት በወር በዓል ስለሆነ፣ «የሚካኤል ማግስት»፣ «የፍልሰታ ሰሞን» ሲሉት ያን ወደ ቀን ቁጥር መመለስ ይወቅበት፤ ዐድዋ የጊዮርጊስ ዕለት ሆነ ያለ ሰው የካቲት 23ን ነገረው ማለት ነውና። በመጨረሻም አይከራከራቸው፤ መመዘኑ በኋላ፣ በቤቱ፣ ከመጽሐፉ ጋር ነው።

ስለ ንባቡም ጥቂት እንበል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ብዙ ልጆችን ያሰናክላል፤ ታሪኩን ሳይሆን ቋንቋውን ይፈሩታልና። ስለዚህ ከደብተሩ ጥቂት ገጽ ለቃላት ይለይ። ኢምፔሪያሊዝም፣ ናሽናሊዝም፣ ፊውዳሊዝም፣ የኢንዱስትሪ አብዮት የሚሉትን በየጊዜው የሚመላለሱ ቃላት እየለቀመ፣ ለእያንዳንዱ በራሱ አማርኛ ሁለት መሥመር ፍች፣ አንድም ምሳሌ ከታሪክ ይጻፍ። በአማርኛ ማስረዳት ያልቻለውን ቃል በእንግሊዝኛም አልተረዳውም። ምዕራፍ አንብቦ በጨረሰ ቁጥር መጽሐፉን ዘግቶ፣ ዋናው ነገር ምን ነበር፣ ምክንያቱ ምን ነበር፣ ጸሐፊው በምን አስረዳ የሚሉትን በግማሽ ገጽ ይመልስ።

መጻፉን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። የ12ኛው ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተሰጡት ምርጫዎች መልሱን ለይቶ የሚያመለክቱበት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ተማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ በራሱ ቃል ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ግን ጻፍ ይባላል። ለፈተናውም ቢሆን ሽምደዳ ብቻውን የታመነ ምርኩዝ አይደለም። ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በተፈተኑበት ጊዜ፣ ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ እንደ ነበሩ ተገልጧል። ይህ የታሪክ ትምህርት ብቻ ውጤት አይደለም፤ ቢሆንም ዝግጅትን ለመጨረሻው ወር የሚያቆይ ቤት ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። አጻጻፉም ቀላል ሥርዓት አለው፤ በመጀመሪያ የሚለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይበል፣ ቀጥሎ ማስረጃውን ከነዘመኑ ያምጣ፣ በመጨረሻም ማስረጃው እንዴት እንደሚያስረዳለት ይግለጥ። ሦስተኛውን የሚረሳ ተማሪ ምስክር ጠርቶ ሳያናግረው እንደሚያሰናብት ዳኛ ነው።

አዲስ አበባ ለሚኖሩት ብዙ በር ክፍት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ሰው በልማድ ወመዘክር የሚለው ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በስድስት ኪሎም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር አለ። አንድ ቅዳሜ ልጅን ወደዚያ መውሰድ ለአንድ ወር ንባብ መንገድ ይከፍታል። በክፍለ አገር ያሉትም ባዶ አይደሉም። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደወሉ መቼና በማን እንደ መጣ፣ ሕንጻው በማን ዘመን እንደ ታነጸ የሚናገር ጽሑፍ ወይም የሚያውቅ አረጋዊ ካህን አይጠፋም። ያን ጠይቆ፣ በሁለቱ አቈጣጠር ጽፎ፣ የነገረውን ሰው ስምና ቀኑን ከሥሩ ያኖረ ልጅ፣ ታላላቅ የታሪክ ሊቃውንት የሚሠሩትን ሥራ በትንሹ ሠርቷል።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው። በሐምሌ ወር የዘመን አቈጣጠሩ ደብተርና የቃላቱ ገጽ ይሠሩ፤ በየሳምንቱም አንድ ምዕራፍ ተነብቦ ግማሽ ገጽ ይጻፍ። በነሐሴ የአረጋዊው ቃል ይሰብሰብ፤ በጳጉሜን ደግሞ ልጁ የጻፈውን በማዕድ ዙሪያ ለቤተ ሰቡ ያንብብ። ወላጅ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ማንበብ ባይችል ስንኳ ከሥራው አይጎድልም፤ «ይህን በምን ዐወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል። ይህ ጥያቄ በየማታው በቤቱ የሚሰማ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መምህሩ ፊት ሲቀርብ አያፍርም። ታሪክ የመረጠ ልጅ ከሒሳብ የሸሸ ነው የሚለውም ቃል ያን ጊዜ በራሱ ይወድቃል፤ በቁጥርም በቃልም እየመዘነ፣ ለሞቱት በእውነት የሚቆምላቸውን፣ ላሉትም ያለ ሐሰት የሚነግራቸውን ልጅ በቤታችን አሳደግን ማለት ነውና።